የፊያት ዱካቶ ካምፐርቫን ለአልፕስ ዳገትና ቁልቁለት፦ ኪራዩም መኪናውም ሲመዘኑ

በአውሮፓ ካምፐርቫን የሚከራይ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚረከበው ፊያት ዱካቶን፣ ወይም መንታዎቹን ፔዦ ቦክሰርንና ሲትሮየን ጃምፐርን ነው። ሦስቱም በአካላቸው አንድ ዓይነት የዕቃ ቫኖች ሲሆኑ፣ ካምፐር ሠሪዎች ባዶውን ገዝተው አልጋ፣ ምድጃ፣ ማቀዝቀዣ፣ ማሞቂያና መጸዳጃ ይገጥሙላቸዋል። እዚህ የምንመዝነው መኪናውን ከ2,000 ሜትር በላይ ለሚወጡ የአልፕስ መንገዶች ነው። ለዳገቱ አትስጉ፤ ይወጣዋል። ጥሩውና መጥፎው የኪራይ ካምፐር የሚለየው በቁልቁለት፣ በክብደትና በብርድ ነው። ሦስቱንም ቁልፍ ከመረከባችሁ በፊት ማጣራት ይቻላል።

መጀመሪያ ርዝመቱ። ለኪራይ የሚቀርቡት በብዛት 5.41፣ 5.99 እና 6.36 ሜትር የሆኑት ናቸው። በ5.99 እና በ6.36 መካከል ያለው ልዩነት 37 ሴንቲሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ብዙ ሰው ሰፊውን አልጋ አይቶ ረጅሙን ይመርጣል። ለተራራ ግን ስህተት ነው። የሁለቱም የፊትና የኋላ ጎማ ርቀት እኩል 4.035 ሜትር ነው፤ የተጨመረው ርዝመት በሙሉ ያለው ከኋላ ጎማ በስተጀርባ ነው። በአጭሩ መኪና ላይ ከኋላ ጎማ መሃል ተነስቶ አንድ ሜትር ገደማ የነበረው ጅራት በረጅሙ ላይ 1.38 ሜትር ይደርሳል። በጠባብ እጥፍ ኩርባ ላይ መሪው ሲዞር ይህ ጅራት ወደ ተቃራኒው ጎን ይወጣና የድጋፍ ግንቡን ወይም ከጎን የቆመውን መኪና ይመታል። ዳገት ከሜዳ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ላይ ደግሞ የኋላ ባምፐሩ አስፋልቱን ይፍቃል። 5.41 ሜትር የሆነው የጎማ ርቀቱ 3.45 ሜትር በመሆኑ ከሁሉም በተሻለ ይታጠፋል፤ ለሁለት ሰውና ለጠባብ መንገድ የምንመርጠው እሱን ነው። አልጋ ሰፋ ያለ ከተፈለገ 5.99 ይበቃል፤ ከዚያ አይለፍ።

ወርዱ ያለ ስፖኪዮ 2.05 ሜትር ሲሆን ስፖኪዮዎቹ ሲታሰቡ ከ2.5 ሜትር ያልፋል። በኪራይ ዱካቶ ላይ በብዛት የሚሰበረው የስፖኪዮ ክዳን የሆነውም ለዚህ ነው። ቁመቱ እንደ ጣሪያው ዓይነት ከ2.5 ሜትር በላይ ነው። ትክክለኛውን ቁጥር ከሰነዱ ላይ አይታችሁ በወረቀት ጻፉና ዳሽቦርዱ ላይ ለጥፉት፤ በየከተማው ያሉት የመኪና ማቆሚያ በሮች ብዙዎቹ 2 ሜትር ከፍ ብለው የተገጠመ ብረት አላቸው፤ የጣሪያ ጉዳት ደግሞ ብዙ ጊዜ መድን አይሸፍነውም።

ሞተሩ አያሳማም። ከ2021 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ የተሠሩት ባለ 2.2 ሊትር ናፍጣ ሲሆኑ በኪራይ ላይ የሚገኘው በብዛት ባለ 140 ፈረስ ጉልበቱ ነው። አየሩ በ2,000 ሜትር ላይ ከባሕር ወለሉ በአንድ አምስተኛ ገደማ ቢሳሳም ተርቦው አብዛኛውን ያካክሰዋል። ትልቁ ጉዳይ ማርሹ ነው። ባለ 9 ፍጥነቱ አውቶማቲክ ለተራራ ግሩም ነው፤ በዝግታ ሲሳብ አይንቀጠቀጥም፣ ፍሪሲዮንም አይበላም። ከ2019 በፊት በተሠሩት ላይ የሚገኘው "አውቶማቲክ" ተብሎ የሚከራየው ግን ሌላ ነው፤ እሱ መደበኛውን ባለ 6 ማርሽ ሳጥንና ፍሪሲዮን በኤሌክትሮኒክስ የሚያዝ መሣሪያ ነው። ዳገት ላይ ሰልፍ ይዞ እየተሳበ ሲሄድ ፍሪሲዮኑ ይሞቃል፣ ይሸታል፤ የተቃጠለ ፍሪሲዮን ደግሞ በብዙ ውሎች ላይ በተከራዩ ኪስ የሚጠገን ነው። ስለዚህ ስትይዙ "አውቶማቲክ ነው ወይ?" ብቻ አትበሉ፤ የተሠራበትን ዓመትና ስንት ፍጥነት እንዳለው ጠይቁ። መደበኛ ማርሽ የለመደ ሰው መደበኛውን ቢወስድ ምንም አይጎድልበትም።

መኪናው የሚጎትተው በፊት ጎማ ነው፤ በዳገት ላይ ዋናው ድክመቱም ይኸው ነው። ዳገት ሲወጣ ክብደቱ ወደ ኋላ ይሄዳል። ከኋላ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከነመስቀያው ከተጫነና የቆሻሻ ውሃ ታንከሩ ከሞላ የፊት ጎማዎች ይቀልሉና እርጥብ አስፋልት ላይ ሳይቀር ይሽከረከራሉ። ብስክሌት ላለው ሰው መፍትሔው ቆሻሻ ውሃውን ከመውጣት በፊት በተፈቀደ ቦታ ማፍሰስና ከባዱን ዕቃ ወደ መሃል ማምጣት ነው። ትራክሽን ፕላስ የሚባለው ቁልፍ ካለው በሰዓት እስከ 30 ኪሎ ሜትር ድረስ ይሠራል፤ የሚሽከረከረውን ጎማ በፍሬን ይይዝና ጉልበቱን ለሌላው ይሰጣል። እርጥብ ሣር ላይ ስትቆሙ ግን ቁልፉን አምናችሁ አይሁን፤ አፍንጫው ወደ መውጫው፣ ከተቻለም ወደ ቁልቁል እንዲያይ አድርጋችሁ አቁሙት።

ክብደቱ

እነዚህ መኪኖች በአብዛኛው የሚመዘገቡት በ3,500 ኪሎ ጣሪያ ነው፤ በመደበኛ የአውቶሞቢል መንጃ ፈቃድ የሚነዱትም ለዚህ ነው። ከአልጋና ከምድጃ ጋር ባዶውን ከ2,800 ኪሎ በላይ ይመዝናል፤ ለሰውና ለዕቃ የሚተርፈው ብዙ ጊዜ ከ500 እስከ 700 ኪሎ ነው። ብዙ ይመስላል። ግን ንጹሕ ውሃ 100 ሊትር ሲሞላ 100 ኪሎ ነው፤ ሙሉ ባለ 11 ኪሎ የብረት ጋዝ ሲሊንደር ከነቆርቆሮው 22 ኪሎ ይሆናል፤ ሁለት የኤሌክትሪክ ብስክሌት ከነመስቀያው 60 ኪሎ ያልፋል። አራት ሰው ተሳፍሮ ምግብና ልብስ ሲጨመር ጣሪያው ይነካል። በስዊዘርላንድና በኦስትሪያ ፖሊስ ካምፐሮችን አስቁሞ ይመዝናል፤ ቅጣቱም የአሽከርካሪው እንጂ የአከራዩ አይደለም። አከራዩን በሰነዱ ላይ የሰፈረውን የባዶ ክብደት ጠይቁ፤ መጋረጃ ጥላው፣ ሁለተኛው ባትሪና የብስክሌት መስቀያው በቁጥሩ ውስጥ ገብተው እንደሆነም አረጋግጡ፤ ብዙ ጊዜ አልገቡም። ለአንድ ሌሊት ለሁለት ሰው 40 ሊትር ውሃ ይበቃል፤ የቀረውን ማደሪያው ጋ ደርሶ መሙላት ነው።

ቁልቁለቱ

እዚህ ላይ ረዘም እንላለን፤ ሰው የሚጎዳው እዚህ ነውና። 3,500 ኪሎ የሚመዝን መኪና 1,000 ሜትር ቁልቁል ሲወርድ የሚለቀው ጉልበት 34 ሜጋጁል ገደማ ነው። ይህ ሙቀት ቢሆን ከላይ ያልነውን 100 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ አንስቶ እስከ መፍላት ያደርሰዋል። የጣልያኑ የስቴልቪዮ መንገድ ጫፉ 2,757 ሜትር ሲሆን ወደ ፕራቶ የሚወርደው ጎን ከ1,800 ሜትር በላይ ቁልቁለትና 48 እጥፍ ኩርባ አለው። ያን ሁሉ ሙቀት አራት የፍሬን ዲስኮች ብቻቸውን ከተሸከሙት ሸራው ይግላል፣ መያዙን ይተዋል። የባሰው የሚመጣው ከፍሬን ዘይቱ ነው። ዶት 4 የሚባለው ዘይት አዲስ ሳለ ቢያንስ እስከ 230 ዲግሪ ሳይፈላ ይቆያል፤ ከአየር እርጥበት እየሳበ ሲያረጅ ግን ይህ ወደ 155 ዲግሪ ሊወርድ ይችላል። የፈላ ዘይት አረፋ ይሠራል፤ አረፋ ደግሞ ይጨመቃል፤ መርገጫው ወደ ወለል ይሰጥማል፣ መኪናው ግን አይቆምም። የፍሬን ዘይቱ በሁለት ዓመት ውስጥ ተቀይሯል ወይ የሚለው ጥያቄ ርክክብ ላይ የግድ መነሳት ያለበት ለዚህ ነው። የአገልግሎት ደብተሩን ታዩት ዘንድ ጠይቁ።

አወራረዱ እንዲህ ነው። ቁልቁለቱ ሳይጀምር ማርሽ ቀንሱ፤ ከጀመረ በኋላ አይደለም። ዳገቱን በሁለተኛ ከወጣችሁት በሁለተኛ ውረዱ። አውቶማቲኩን በዲ ላይ አትተዉት፤ በእጅ ወደሚመረጥበት ጎን አድርጋችሁ ሁለተኛን ወይም ሦስተኛን ያዙ። ሞተሩ እስከ 3,000 ዙር ቢጮህ አይጎዳም፤ ቁልቁል ሲወርድ ነዳጅም አይጠጣም። ፍሬኑን ረግጦ እንደያዙ መቆየት አይሆንም፤ ጠንከር አድርጎ ለጥቂት ሴኮንድ ረግጦ ፍጥነቱን ወደ 30 ማውረድ፣ ከዚያ ለቅቆ ማናፈስ ነው። የተቃጠለ ሽታ ከመጣ ወይም መርገጫው ከለሰለሰ በሚቀጥለው ማረፊያ ቁሙ። በማርሽ ወይም በፒ ላይ አቁማችሁ፣ ለጎማው ታኮ አድርጉና ቢያንስ ግማሽ ሰዓት ጠብቁ። ውሃ አታፍሱበት፤ የጋለ ዲስክ ይጣመማል።

እጥፍ ኩርባ ላይ መኪናው ረጅም ስለሆነ የኋላ ጎማው ከፊተኛው ወደ ውስጥ አሳጥሮ ይቆርጣል። ከመጠጋታችሁ በፊት በጎን መስኮት ወደ ላይኛው መንገድ ተመልከቱ፤ የዱካቶ ጋቢና ከፍታ እዚህ ላይ ይጠቅማል፣ የሚመጣውን አውቶቡስ ሁለት ኩርባ ቀድሞ ያሳያል። መንገዱ ባዶ ከሆነ ወደ ውጨኛው ጠርዝ ሰፋ ብላችሁ ግቡ፤ መሪውን ዘግየት አድርጋችሁ አዙሩ፤ የውስጥ ስፖኪዮው ላይ የኋላ ጎማውን እያያችሁ በአንደኛ ወይም በሁለተኛ ውጡ። የሚመጣ ካለ ከኩርባው በፊት ቁሙ እንጂ መሃሉ ላይ አትገናኙ። 5.99 የሆነው ሙሉ ለሙሉ ለመዞር 14 ሜትር ገደማ ስለሚፈልግ በጠባቦቹ ላይ አንድ ጊዜ ወደ ኋላ መመለስ ያጋጥማል፤ ነውር የለበትም።

በስዊዘርላንድ ጠባብ ተራራ መንገድ ላይ ሁለት መኪና ካልተላለፈ ወደ ኋላ የሚመለሰው የሚወርደው ነው፤ የሚወጣው ለማለፊያ ቦታ በጣም የቀረበ ካልሆነ በቀር። በሰማያዊ ላይ ቢጫ ጡሩምባ የተሳለበት ምልክት ካያችሁ የፖስታ አውቶቡስ መንገድ ነው፤ ሾፌሩ ወደፊት ቅረቡ ወይም ወደ ኋላ ተመለሱ ካለ መታዘዝ ግዴታ ነው። ባለ ሦስት ድምፁ ጥሩምባ ከኩርባው ማዶ ከተሰማ ባላችሁበት ጠርዝ ይዛችሁ ጠብቁ።

ለመጀመሪያ ጊዜ ካምፐር የሚነዳ ሰው ስቴልቪዮን መጀመሪያው አያድርግ። የኦስትሪያው ግሮስግሎክነር በ1935 (እ.ኤ.አ.) የተከፈተ፣ 48 ኪሎ ሜትር የሚረዝም፣ 36 እጥፍ ኩርባ ያለው የክፍያ መንገድ ነው፤ ቁልቁለቱ 12 በመቶ ቢደርስም ሰፊና በደንብ የተያዘ ስለሆነ ፍሬንና ማርሽ የሚለመድበት እሱ ነው። ሌሊት ይዘጋል። የስዊዘርላንዱ ሱስተንም ከመጀመሪያው ለመኪና ታስቦ የተሠራ በመሆኑ ኩርባዎቹ ለስላሳ ናቸው፤ ከእይታውም ከአነዳዱም አንፃር ለዚህ መኪና ከሁሉም በላይ የሚስማማው እሱ ይመስለናል። እነዚህ ከፍ ያሉ መንገዶች በረዷማውን የአውሮፓ ክረምት ሙሉ ዝግ ናቸው፤ ከሰኔ መጨረሻ እስከ መስከረም (በአውሮፓ አቆጣጠር) ያለው ጊዜ አስተማማኙ ነው። ከ2,000 ሜትር በላይ ግን በዚያም ወቅት በረዶ ሊጥል ይችላል።

ብርዱ

ውስጡ በሚገባ የታሰበበት ቤት ነው። አልጋው በወርድ ስለሚተኛ ርዝመቱ 1.95 ሜትር አካባቢ ይደርሳል፤ ከ1.85 በላይ የሆነ ሰው እግሩ ግድግዳ ይነካል፣ እሱ በቁመት የሚዘረጉ አልጋዎች ያሉትን ይፈልግ። ማቀዝቀዣው በኮምፕሬሰር የሚሠራ ከሆነ ለተራራ ተስማሚ ነው። በጋዝ የሚሠራው ዓይነት መኪናው ዘመም ካለ አያቀዘቅዝም፤ ከ1,000 ሜትር በላይም አልቀጣጠል ሊል ይችላል። ኮምፕሬሰሩ በበኩሉ በቀን ከ30 እስከ 40 አምፔር ሰዓት ይበላል፤ ባለ 95 አምፔር ሰዓት ባትሪ ደግሞ ሳይጎዳ የሚሰጠው ግማሹን ነው። መኪናው ሳይነዳ ለሁለተኛ ሌሊት ካደረ መብራቱ ይዳከማል።

ብዙ ተከራይ ሌሊት ለአከራይ የሚደውልበት ጉዳይ አንድ ነው፤ ውሃው በሙሉ ከመኪናው ሥር ፈሶ ይገኛል። አልተሰበረም። በእነዚህ መኪኖች ላይ በብዛት የሚገጠመው ትሩማ ኮምቢ ማሞቂያ 10 ሊትር የሞቀ ውሃ ይይዛል፤ አጠገቡ ያለችው የብርድ መከላከያ ቫልቭ ሙቀቱ 3 ዲግሪ አካባቢ ሲወርድ ውሃው በረዶ ሆኖ ቦይለሩን እንዳይሰነጥቅ ራሷ ትከፈትና ታፈሰዋለች። ፓምፑ ክፍት ከሆነ ደግሞ የታንከሩን ውሃ ተከትሎ ይገፋዋል። ቫልቯ ከ7 ዲግሪ በታች አትዘጋም፤ በጉልበት የሚዘጋት ይሰብራታል። መጀመሪያ ፓምፑን አጥፉ፤ ማሞቂያውን ለአየር ብቻ አብሩ፤ አብዛኛውን ጊዜ አልጋው ሥር ወይም ቁም ሣጥን ውስጥ ያለውን ያን ጥግ ከፍታችሁ ሙቀት እንዲደርሰው አድርጉ፤ ከዚያ ነው አዙሮ መዝጋት። ከመተኛት በፊት ፓምፑን ማጥፋትና ማሞቂያውን በዝቅተኛው መተው ነገሩን ከሥሩ ያስቀረዋል።

ኮምቢው በጋዝ የሚሠራ ከሆነ በዝቅተኛው ኃይል በሰዓት 160 ግራም ገደማ ይበላል፤ ስምንት ሰዓት ቢነድ 1.3 ኪሎ ነው። ሲሊንደሩ ፕሮፔን መሆን አለበት። ቡቴን በዜሮ ዲግሪ አካባቢ ጋዝ መሆኑን ያቆማል፤ ፕሮፔን ግን እስከ 42 ከዜሮ በታች ይሠራል። የአንዱ አገር ሲሊንደር በሌላው አገር ብዙ ጊዜ ስለማይለወጥ ድንበር ከመሻገር በፊት ሙሉ መሆኑን እዩ። ማሞቂያው በናፍጣ ከሆነ ጋዝ ይቆጥባል፤ ነገር ግን የከፍታ ማስተካከያ ከሌለው ከ1,500 ሜትር በላይ አየር ያጥረውና ጥላሸት ይሠራል፣ በመጨረሻም ይጠፋል። "የከፍታ ኪት ተገጥሞለታል?" ተብሎ ሳይጠየቅ ለአልፕስ የናፍጣ ማሞቂያ አይያዝ።

ሌላ አደጋ አለ፤ ተከራይ እምብዛም አያስበውም። የሹፌሩ ወንበር ወደ ሳሎኑ ይዞራል፤ በብዙዎቹ ዱካቶዎች ላይ ግን ወንበሩ እንዲያልፍ በግራ በኩል ያለው የእጅ ፍሬን ወደ ታች መለቀቅ አለበት። ተዳፋት ላይ ይህን ማድረግ መኪናውን መልቀቅ ነው። አንደኛ ማርሽ አስገቡ፣ ታኮ አድርጉ፣ ወንበሩን አዙሩ፣ ፍሬኑን መልሳችሁ ያዙ።

በየቦታው እንደ ልብ ማደር አይቻልም። በጣልያን ወንበርና ጥላ ሳይዘረጋ፣ ምንም ሳይፈስ መቆም እንደ ማንኛውም መኪና ነው፤ በኦስትሪያ ቲሮል ከካምፕ ውጭ ማደር ክልክል ነው፤ በስዊዘርላንድ እንደ ካንቶኑና እንደ ቀበሌው ይለያያል።

ርክክቡና ውሉ

ጥሩ አከራይ ለማስረከብ አንድ ሰዓት ይወስዳል፤ በሩብ ሰዓት ቁልፍ የሚሰጥ መኪናውን አላስረከበም። የውሃ፣ የናፍጣና የአድብሉ (የናፍጣ ጭስ ማጽጃ ፈሳሽ) መሙያዎችን በጣታችሁ እየነካችሁ ለዩ። ውሃ ናፍጣ ታንከር ውስጥ፣ ናፍጣ ውሃ ታንከር ውስጥ የሚገባው በድካም ነው፤ ሁለቱም ውድ ናቸው። የጎማ ንፋስ በሹፌሩ በር ላይ ካለው ጽሑፍ ጋር ይመሳከር፤ በካምፐር ጎማዎች ላይ ከፊት 5 ከኋላ 5.5 ባር የተለመደ ነው፤ የቀነሰ ጎማ በቁልቁለት ይግላል። ጣሪያውን፣ ቸርኬዎቹንና የታችኛውን አካል በቪዲዮ ቅረጹ፤ ከመድን ውጭ የሚቀሩት ብዙ ጊዜ እነዚሁና የጥላው መጋረጃ ናቸው። ማስያዣውን ስትከፍሉ ከእያንዳንዱ ጉዳት እንደ አዲስ የሚቆረጥ ወይስ ለመላው ኪራይ አንድ ጊዜ ብቻ እንደሆነ በጽሑፍ ይገለጽ። ያልተነጠፈ መንገድ የተከለከለ መሆኑ፣ የትኞቹ አገሮች እንደተፈቀዱ፣ ኪሎ ሜትሩ ገደብ እንዳለው እዚያው ይታያል። የስዊዘርላንድ አውራ ጎዳና የክፍያ ምልክት (ቪኜት) 40 ፍራንክ ነው፤ ቀድሞ የተለጠፈ ካለ ሁለተኛ አትግዙ። የኦስትሪያው ለብሬነር መንገድ አይበቃም፣ እሱ ተለይቶ ይከፈልበታል።

ኪራዩ የሚያዋጣው ለሁለት ሰው ወይም ሁለት ትንንሽ ልጆች ላሏቸው ወላጆች ነው። አራት አዋቂ ሆነው በ3,500 ኪሎ ውስጥ በሕግ መጓዝ አስቸጋሪ ነው፤ ለእነሱ ተራ መኪናና የየሸለቆው ማደሪያ ይሻላቸዋል። ሲመለስ የመጸዳጃው ሳጥንና የቆሻሻ ውሃው ባዶ፣ ናፍጣውም በተረከባችሁት ልክ መሆን አለበት። መጸዳጃው ሳይደፋ ከተመለሰ የሚቆረጠው ከማስያዣው ላይ ከፍተኛው የጽዳት ቅጣት ነው፤ ስለዚህ የመጨረሻዋን ሌሊት ማስወገጃ ያለው ካምፕ ውስጥ አድርጓት።